አራት ጣት ቅምቅማት

ሰው ሲያረጅ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያወጣት አንዲት ታሪክ አትጠፋውም። የእኔዋ ስለ አንዲት የትምህርት ቤት ቀሚስ ነበረች። ኮልፌ ልብስ ሰፊ በነበርኩበት ዘመን፣ ሜትር ሳላስነካ፣ በዓይኔ ብቻ ገምቼ ለአንዲት ልጅ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ልክክ አለላት፤ እናቷ በደስታ እጄን ልትስም ደረሰች። ይህችን ታሪክ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሰምቶ ለጠገበውም ላልሰማውም ሳወራ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ባለፈው ሰኔ ግን ቤቴል አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ተቀምጬ፣ በዓለም ላይ ልነግራት ለማይገባኝ አንዲት ሰው ነገርኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ አፌን ይዣለሁ። ዛሬ የምጽፋት ለመኩራት አይደለም፤ ድንጋጤው አልወጣልህ ስላለኝ ነው።

ሱቄ ከጦር ኃይሎች የሚመጣው አውቶቡስ ከሚቆምበት ፌርማታ ፊት ለፊት ነበረች። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የእግር መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና እኔ ከገባን ሌላው ሰው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራን። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ሲዘንብ ከደንበኛ ጋር የምንግባባው በእጅ ነበር። ካኪ በሜትር ሁለት ብር ከስሙኒ፣ ፖፕሊን ከዚያ ረከስ ያለ፣ ቴትሮን ግን ለሠርግ ካልሆነ የማይደፈር። ለልጁ በብር ከሃምሳ ኮንጎ ጫማ የገዛ አባት ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው። አጠገቤ ያለው ጸጉር አስተካካይ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ይከፍታል፤ ዘፈኑ ረጋ ያለ ከሆነ ስፌቴ ቀጥ ይላል፣ ጭፈራ ከመጣ እግሬ ፔዳሉን በምቱ ይረግጥና ክሩ ይበጠሳል። ጎረምሶቹ ቤልቦተም ስፋልን እያሉ ይመጣሉ፤ የሱሪው ታች ብቻ ለአንድ ሕፃን ቀሚስ የሚበቃ ጨርቅ ይበላል። የዛሬዎቹ ደግሞ የተቀደደ ሱሪ በውድ ይገዛሉ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ቀዳዳ ስደፍን ነው፤ ምን እላለሁ።

ዋናው ገበያዬ ግን ጳጉሜ ነበረች። መስከረም ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ለሴቶቹ ነጭ ኮሌታ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ፣ ለወንዶቹ ካኪ ቁምጣ። ልጁን ጠረጴዛው አጠገብ አቆመውና «ቀጥ በል፣ ተንፍስ» እለዋለሁ፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ ደረቱን፣ ወገቡን ለክቼ ደብተሬ ላይ ከስሙ ሥር እጽፋለሁ። እናቶቹ ሁሉ የሚሉት አንድ ነበር፤ «ሽብሩ፣ ሰፋ አድርገው እንግዲህ፤ ለከርሞም እንዲሆን!» ስለዚህ መስከረም ላይ የኮልፌ ልጆች ሁሉ የታላቅ ወንድማቸውን ልብስ ሰርቀው የወጡ ይመስሉ ነበር። እኔም ከቀሚሱ ሥር ወደ ውስጥ የታጠፈ አራት ጣት ቅምቅማት አስቀራለሁ። ልጅቷ በቁመት ስትጨምር፣ በዓመቱ መልሰው ሲያመጡልኝ ሁለት ጣት እፈታላታለሁ፤ በሦስተኛው ዓመት የቀረውን ሁለት። ለመፍቻ አልቀበልም ነበር። የተፈታው ቦታ ፀሐይ ስላላገኘው ከሌላው ጨርቅ ጠቆር ብሎ መስመር ይሠራል። የዚያ ዘመን ሴቶች ልጆች በየዓመቱ ምን ያህል እንዳደጉ በቀሚሳቸው ላይ ይታይ ነበር።

ስለዚያ ዘመን ስናገር ሁልጊዜ የምመጻደቅባት ሌላም ነገር ነበረችኝ። «በእኛ ጊዜ ልጅ የሰፈር ነበር» እላለሁ። እውነትም የማንም ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ያገኘው ቤት ይገባል፤ የማን ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ትሪው ጥግ ተጠግቶ እጁን ይልካል። ባለቤቴ የሺ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ገና ልጅ ሳንወልድ ቆጮና ጎመን ባቀረበች ቁጥር ትሪያችን ዙሪያ የልጅ እጅ ብቻ ነበር የሚታየው። ከሁሉ ፈጥኖ የሚጎርሰውን እጁን መታ ታደርግና «አንተ ዋርካ! ለሌላውም ተው» ትለው ነበር። ያ ዋርካ ያለችው ልጅ ኋላ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ወጣው።

አሁን የምኖረው ቤቴል ከልጄና ከሚስቱ ከሕይወት ጋር ነው። ግቢው ቆንጆ ነው፤ አጥሩ ከእኔ ቁመት በላይ ሆኖ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ሁለቱም ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ ለመያዝ ወደ አየር ጤና ይሮጣሉ፤ የሚመለሱት መሽቶ ነው። ቀኑን ሙሉ የልጅ ልጄን ብሌንን የምይዛት እኔ ነኝ። ብሌን ባለፈው ሰኔ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ምግብ ስሰጣት አፏን ትገጥማለች፤ ብስኩት በጣፋጭ ሻይ ነክሬ ቴሌቪዥኑን ስከፍትላት ግን ትበላለች። እኔም ከበላች ምን ቸገረኝ እላለሁ። ሆዷን ቶሎ ቶሎ ያማታል፤ «ጥርስ ነው» እንላለን። ጎረቤቶቻችንን በመኪናቸው ቀለም ካልሆነ አላውቃቸውም ነበር። ለአንደኛ ዓመት ልደቷ ቢጫ ቀሚስ ሰፍቼላት ነበር፤ እንደ ልማዴ አራት ጣት ቅምቅማት አስቀርቼ። አሥር ወር ሙሉ ቅምቅማቱ ሳይፈታ ቀሚሱ ልኳ ነበር። «የእኔ ስፌት አይጠብም!» እያልኩ እኮራለሁ፤ ሕይወትም «አባባ ልብስ አስቆጠቡን» እያለች ትስቃለች። ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

በሰኔ ብሌን የዘገየ ክትባት ነበረባት። ሕይወት ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች ቢጫውን ቀሚስ አልብሼ እኔው ይዣት ሄድኩ። የተቀበለችን መነጽር ያደረገች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ነርስ ናት። በጣም አጭር ናት። የነጭ ጋውኗ እጅጌ ሁለት ጊዜ ታጥፏል፤ ትከሻው ወደ ክንዷ ወርዷል። ተሰፍቶ የተዘጋጀ ልብስ ለእሷ ዓይነት ቁመት እንደማይሆን ወዲያው አየሁ፤ ሙያ ክፉ ነው፣ ሰው ሳይሆን ስፌት ነው የሚያሳየኝ።

ብሌንን በእንጨት ሰሌዳ ላይ አጋደመቻት። ጭንቅላቷን በአንድ በኩል ገጥማ፣ ተረከዟን በሚንሸራተት እንጨት ገፋ አድርጋ ቁጥሩን አነበበች። ከዚያ እንደገና ለካች። ሁለት ጊዜ የሚለካ ሰው ያየውን ቁጥር አላመነም ማለት ነው፤ ይህን እኔ አውቃለሁ። ካርዷን ገልጣ አየችና፣

«አባባ፣ በዓመቷ ተለክታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአሥር ወር የጨመረችው ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለዕድሜዋ በጣም አጥራለች» አለችኝ።

«ትንሽ ፍጥረት ናት እንጂ ጤነኛ ናት።»

«ቀን ማን ነው የሚያበላት?»

«እኔው ነኝ ልጄ። ማን አለ ብለሽ ነው? በእኛ ጊዜ ልጅ የሰፈር ነበር። የማንም ልጅ በማንም ቤት ጠግቦ ነበር የሚያድገው። ዛሬ አጥር ብቻ ነው።»

ነርሷ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ካርዱ ላይ አቀረቀረች። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም። የብሌንን ቀሚስ ጫፍ ገልብጬ ቅምቅማቱን አሳየኋት፤ «ይኸው፣ ከሰፋሁላት አሥር ወሩ፣ ገና ክሩ አልተነካም! ልብስ ሰፊ ነበርኩ፣ ኮልፌ፣ ፌርማታው ፊት ለፊት። ዓይኔ ሜትር ነበር» አልኩና ታሪኬን ጀመርኩ። በአንደኛው ዓመት ለክቼ እንደሰፋሁላት፣ በሁለተኛው ዓመት ከሩቅ አይቼ «ልክሽ ነው፣ አይፈታም» እንዳልኳት፣ በሦስተኛው ዓመት ቀሚሷ አልቆ እናቷ አዲስ ጨርቅ ስታመጣ ሜትር ሳላስነካት ቆርጬ እንደሰፋሁላት፣ ልክክ እንዳለላት። እጄን ሁሉ እያወናጨፍኩ ነበር የማወራው።

የነርሷ እስክሪብቶ ቆሟል።

«የልጅቷን ስም ያስታውሱታል?» አለችኝ።

«እንዴት እረሳዋለሁ! አለምነሽ። የእትዬ ደብሬ ልጅ፣ ወንዝ ዳር የነበሩት።»

መነጽሯን አወለቀች። «ጋሽ ሽብሩ፣ አለምነሽ እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ታሪኬ በእግሯ ቆማ ምስክር የመጣችልኝ መሰለኝ። ከወንበሬ ተነሥቼ «አንቺ! ይኸው እንግዲህ፣ እውነት አይደለም? ልክሽ አልነበረም?» አልኳት።

«ልኬ ነበር» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የባሰው። «ለምን እንዳልለኩኝስ ያስታውሳሉ?»

አርባ ዓመት ሙሉ ታሪኩን ሳወራ ለምን አልለካሃትም ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ወይም አውቄ ረስቼው ነበር።

አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ሳል ጀመረው። ሳሉ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። «የሳንባ በሽታ ነው፣ ይጋባል» ተባለ። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ሐኪም ግን አላለውም። በሳምንት ውስጥ ሰፈሩ ከዚያ ቤት እጁን ሰበሰበ። በዚያ ዓመት ጳጉሜ ልጅቷ ቀሚሷን ለብሳ ሱቄ በር ላይ መጥታ ስትቆም፣ እኔ ከመኪናዬ ጀርባ ሳልነሣ፣ «እዚያው ሁኚ፣ ይታየኛል፣ ልክሽ ነው» አልኳት። በሚቀጥለው ዓመት ጨርቁን እንኳ ከእናቷ እጅ አልተቀበልኩም፤ «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው» ብያታለሁ። ሜትሬን አንገቷ ላይ ማድረግ ፈርቼ ነው በዓይኔ የሰፋሁት። ፍርሃቴን ነው አርባ ዓመት ሙሉ ችሎታ ነው እያልኩ ያወራሁት።

«ቀሚሱ ልክ የሆነው ዓይንዎ ሜትር ስለነበረ አይደለም ጋሽ ሽብሩ» አለችኝ። «እኔ ስላላደግሁ ነው።»

ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ብሌን ሰሌዳው ላይ ተቀምጣ የነርሷን እስክሪብቶ ታያለች።

«ልጅ የሰፈር ነበር አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ በእናንተ በር ሳልፍ የልጆቹን ድምፅ እሰማ ነበር። እትዬ የሺ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ለእኔ በጣሳ አድርገው ደጃፍ ላይ ይሰጡኝ ነበር። ከትሪው ግን አልበላሁም። ከማንም ትሪ አልበላሁም። ለውሃ ቦኖው ጋ እማዬ ስትሰለፍ ሰው ይሸሻል፣ እንስራዋን ይገፉባታል፤ ስለዚህ የወንዙን ውሃ ነበር የምንጠጣው። ሆዴ ሲያመኝ ከረመ፣ ከዚያ መብላትም አስጠላኝ።» ቀጥላም፣ «የአባቴ ሳል የድንጋይ አቧራ ነው። ትምህርቱን ስማር ነው የገባኝ። አይጋባም ነበር» አለች።

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣና አነሰብኝ። እንባዬ ቀደመኝ። እሷ ግን መነጽሯን መልሳ አደረገች፤ ሥራ ላይ ነበረች።

«እኔን አሁን ማስረዘም አይቻልም። ብሌን ግን ገና ናት፤ ብንዘገይም ጊዜ አለን። አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ምንድን ነው የምትበላው?»

ነገርኳት። ብስኩቱን፣ ሻዩን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ከጎርፍ በኋላ ድፍርስ የሚለውን የታንከር ውሃ፣ በየሳምንቱ የሚያማትን ሆድ። እየጻፈች ታዳምጠኛለች። እንቁላል፣ ወተት የገባበት ገንፎ፣ የተፈጨ ምስር፣ ውሃው ሁልጊዜ ፈልቶ የቀዘቀዘ፤ በየወሩ ደግሞ እሷ ዘንድ መጥታ መለካት። «ሌላም አለ» አለችኝ። «ብቻዋን አትብላ። ልጅ ሌላ ልጅ ሲበላ ሲያይ ነው የሚበላው። ይህን እኔ ከበር ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት።»

ቤት እንደገባሁ ብሌንን አስተኝቼ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ሳጥን ጎተትኩ። ደብተሮቼን አልጣልኩም ነበር፤ የሺ «የአይጥ ቀለብ» ትላቸው ነበር። ገጹን አገኘሁት። የሌሎቹ ልጆች ቁጥር ከዓመት ዓመት ይጨምራል፤ ዋርካ የተባለው ልጅማ በአንድ ዓመት ስምንት ሳንቲ ሜትር ዘሏል። አለምነሽ ከሚለው ስም ሥር የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር አለ፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት ስድሳ ሁለት። በሁለተኛው ዓመት መስመር ላይ «እንዳምናው» ይላል። በሦስተኛውም «እንዳምናው»። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው፤ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ ነው የጻፍኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ልጅ በዓይናችን ፊት ቆማ ቀርታ፣ ዕድገትን በሜትር የሚለካው የሰፈሩ ብቸኛ ሰው እኔ ሆኜ፣ «እጅህ ይባረክ» ተብዬ ተመርቄያለሁ።

ማታ ለሕይወት ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝም ይሻለኝ ነበር። ቢጫውን ቀሚስ አንሥታ ቅምቅማቱን በጣቷ ለካች፤ አራቱም ጣቶች ገቡ። «አባባ፣ እኔ እናቷ ነኝ እኮ» አለች። «በየጧቱ ሳለብሳት ልኳ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።» ከዚያ ቀሚሱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ልጄ ተነሥቶ ብስኩቶቹን ከመደርደሪያው አወረዳቸው።

በማግስቱ ብሌንን አቅፌ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በነጭ መኪናቸው ብቻ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። የከፈተችልኝ ሁለት ትንንሽ ልጆች ቀሚሷን የያዙባት ወጣት ሴት ነበረች። «እናቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ይህቺ ልጅ ብቻዋን አትበላም። ምሳ ሰዓት ላይ ከልጆችሽ ጋር ትቀመጥልኝ? ምግቧን ይዤላት እመጣለሁ» አልኳት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ከዚያ «ምግብ ምን ያደርጋል አባባ፣ ይግቡ እንጂ፤ የእኔዎቹም የሚያዩት ሰው የላቸውም» አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን ብሌን አልበላችም። በሁለተኛውም አልበላችም። በአራተኛው ቀን የትንሹን ልጅ እንቁላል ከእጁ ነጠቀችው። እሱ ሲያለቅስ እኛ ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደ ሞኝ እናጨበጭባለን።

ከሰኔ እስከ ጳጉሜ በየወሩ ጤና ጣቢያው ሄድን። በሐምሌ ቁጥሩ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ ያን ቀን ምሳም አልበላሁም። በነሐሴ ጨመረ። በጳጉሜ፣ ያ የድሮ ገበያዬ በነበረው ሳምንት፣ ምላጭ አንሥቼ ከቢጫው ቀሚስ አንድ ጣት ፈታሁ። አንድ ብቻ። ጠቆር ያለችው መስመር ወጣች፤ ቀጭን ናት፣ ግን ትታያለች። አለምነሽ ለክታት ስትጨርስ መስመሯን አይታ ፈገግ አለች። «ገና ይቀራታል» አለችኝ፣ እንዳልታለል።

ያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ሜትሬንና የድሮውን ደብተር ይዤ ነበር። «ተነሺ ልጄ፣ ለልክሽ የሚሆን ጋውን ልሰፋልሽ ነው» አልኳት።

«በዓይንዎ አይበቃም እንዴ?» አለችና ሳቀች።

«አይበቃም። ቀጥ በይ፣ ተንፍሺ።»

ሜትሩን አንገቷ ላይ አደረግሁት። ትከሻዋን ያዝኩት፣ ትንሽ ትከሻ ነው። ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ ደረቷን፣ ወገቧን፣ የእጅጌዋን ርዝመት ለካሁ፤ ሁለት ሁለት ጊዜ። ከዚያ ደብተሩን ጠረጴዛዋ ላይ ገልጬ ከስሟ ሥር ቁጥሩን ጻፍኩ። እሷ ከጎኔ ቆማ ታነብ ነበር። ጣቷ በሁለቱ «እንዳምናው» ላይ ቀስ ብሎ አለፈ።

«ጋሽ ሽብሩ» አለችኝ፣ «ቅምቅማት እንዳያስቀሩለት። እኔ ከእንግዲህ አላድግም።»